የባላገር ዜማና የመኪና ድምፅ

አንድ ሕዝብ ከአባቶቹ የወረሰውን ዜማ አዲስ መኪና ሲነካው ዜማው ይበላሻል ወይስ ይታደሳል? ይህ ጥያቄ ሙዚቀኞችን ብቻ ሳይሆን ስለ ቅርስ የሚያስቡትን ሁሉ ሲያከራክር የኖረ ነው። ከተከራካሪዎቹ አንዱ ወገን፥ «የአባቶች ዜማ በአባቶች መሣሪያ ካልተጫወተ ጠፋ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፥ «ዘመኑ የመኪና ዘመን ስለ ሆነ አሮጌው ለአዲሱ ቦታውን ይልቀቅ» ሲል ይመልሳል። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር የዘነጉ ይመስለናል፤ እርሱም መሣሪያው የዜማው አገልጋይ እንጂ ጌታው አለመሆኑ ነው። ይህን አሳባችንን በባዶ ክርክር ሳይሆን በአንድ በታወቀ ሥራ ላይ መርምረን ለማሳየት ስለ ፈለግን፥ ዊልኮ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ጓድ በ2002 ዓ. ም. ያወጣውን «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» የተሰኘ ሸክላ መርጠናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

አስቀድመን ስለ ሙዚቃው ዓይነት ጥቂት እንናገር። ካንትሪ የሚባለው ሙዚቃ ስሙ እንደሚያመለክተው የባላገር ዜማ ነው። በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል፥ ይልቁንም በአፓላሽያ ተራሮች አካባቢ ይኖሩ የነበሩ ገበሬዎችና የከሰል ቆፋሪዎች፥ አባቶቻቸው ከእንግሊዝ፥ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ይዘውት የመጡትን የታሪክ ግጥም በቫዮሊን እያጀቡ ያንጐራጕሩት ነበር። ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው የሄዱት ወገኖች ደግሞ ባንጆ የተባለውን ባለጅማት መሣሪያ ከነአጨዋወቱ ጨመሩበት። የዘፈኑም ጕዳይ አብዛኛውን ጊዜ መለየት፥ ናፍቆት፥ የፍቅር ክዳት፥ ሞትና ሃይማኖት ነው። ቃሉ ግልጽ፥ አካሄዱ ቀላል፥ ኀዘኑም ሳይሸፋፈን የሚነገር ስለ ሆነ፥ ፊደል ያልቈጠረው ገበሬ ሰምቶ ያለቅስበታል፤ የተማረውም ሰው ቢሰማው አይንቀውም።

ብዙ ሰዎች ይህን ሙዚቃ ከመኪና ርቆ በገጠር ያደገ ንጹሕ ሀብት አድርገው ይቈጥሩታል። ታሪኩ ግን እንዲህ ብሎ አይመሰክርም። ራልፍ ፒር የተባሉት የሸክላ ነጋዴ በ1927 ዓ. ም. ብሪስቶል ወደምትባለው የቴነሲ ከተማ ሄደው የካርተርን ቤተ ሰብና ጂሚ ሮጀርስን ባስቀረጹ ጊዜ፥ የተጠቀሙበት መቅረጫ በማይክሮፎንና በኤሌክትሪክ የሚሠራ፥ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረ መኪና ነው። ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለው ስመ ጥሩ የካንትሪ ዝግጅት በ1925 ዓ. ም. የተጀመረው ደብልዩ ኤስ ኤም በተባለው የናሽቪል ራዲዮ ጣቢያ ሲሆን፥ ጣቢያው የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ ንብረት ነበረ። በ1932 ዓ. ም. የጣቢያው ኃይል ወደ 50,000 ዋት ከፍ በማለቱ ዝግጅቱ በብዙ ግዛቶች ይሰማ ጀመር። ለካንትሪ ዜማ እንደ መታወቂያው የሚቈጠረው፥ ያ የሚያለቅስ የሚመስለው የስቲል ጊታር ድምፅ ከሃዋይ ደሴቶች የመጣ ነው፤ በ1930ዎቹ ዓመታትም በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ተደረገ፤ በ1954 ዓ. ም. ዌብ ፒርስ ባወጡት «ስሎውሊ» በተባለው ዘፈን ደግሞ በእግር የሚረገጥ መርገጫ ተጨምሮበት፥ የጅማቱ ድምፅ እየተሳበ ሲለወጥ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ታወቀ።

እንግዲህ የባላገሩ ዜማ ወደ ዓለም የወጣው በሽቦና በሞገድ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ነገር መታሰብ ይገባዋል። በሩቅ እርሻው ላይ ሆኖ የቅዳሜን ምሽት በራዲዮው አጠገብ የሚያሳልፈው ገበሬ ዘፋኙን በዐይኑ አያየውም ነበር፤ ድምፁም ወደ እርሱ የሚደርሰው ከሽሽታና ከፉጨት ጋራ ተደባልቆ ነው። ስለዚህ ስለ መለየትና ስለ ናፍቆት የሚናገረው ዘፈን፥ ራሱ ከሩቅ የሚመጣና በመንገድ ላይ የሚጐዳ ድምፅ ነበረ ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ወደ ጓዱ እንለፍ። በኢሊኖይ ግዛት ቤልቪል በምትባል፥ ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ በሴይንት ሉዊስ አንጻር ባለች ከተማ፥ በ1980ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጄይ ፋራር፥ ጄፍ ትዊዲና ማይክ ሃይዶርን የተባሉ ሦስት ወጣቶች አንክል ቱፔሎ የተባለ ጓድ አቋቋሙ። በልጅነታቸው የሰሙትን የካንትሪ ዜማ ፓንክ ከተባለው የቍጣ ሙዚቃ ጋራ አዋሕደው፥ በ1990 ዓ. ም. «ኖ ዲፕሬሽን» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን በአንድ አነስተኛ ኩባንያ አማካይነት አወጡ። ስሙን የወሰዱት የካርተር ቤተ ሰብ ይዘፍኑት ከነበረ መዝሙር ነው። ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ቍጥጥር ውጭ ሆነው የሚሠሩ ሙዚቀኞች ኢንዲ ይባላሉና፥ እነዚህም ወጣቶች ከዚያው ማኅበር የሚቈጠሩ ነበሩ። በ1994 ዓ. ም. ጓዱ ሲፈርስ ሚስተር ፋራር ሰን ቮልት የተባለውን አቋቋሙ፤ ሚስተር ትዊዲ ደግሞ ከቀሩት ጋራ ሆነው ዊልኮን መሠረቱ።

ዊልኮ የሚለው ቃል በራዲዮ የሚነጋገሩ ወታደሮችና አውሮፕላን ነጂዎች «ትእዛዙን ሰምቻለሁ፥ እፈጽማለሁ» ለማለት የሚጠቀሙበት አጭር ቃል ነው። በ1995 ዓ. ም. የወጣው የመጀመሪያው አልበማቸው «ኤ ኤም» የተባለውም በአንድ የራዲዮ ሞገድ ስም ነው። ከዚህም ሁሉ ጓዱ ገና ሲፈጠር ጀምሮ በአሳቡ ውስጥ ራዲዮ እንደ ነበረበት እናያለን። ቀጥለውም በ1996 ዓ. ም. «ቢይንግ ዜር» የተባለውን ባለ ሁለት ሸክላ ሥራ፥ በ1999 ዓ. ም. ደግሞ ጄይ ቤኔት በቍልፍ መሣሪያዎች ያስጌጡትን «ሰመርቲዝ» አወጡ። በመካከሉ በ1998 ዓ. ም. እንግሊዛዊው ቢሊ ብራግና ዊልኮ ተባብረው፥ በ1967 ዓ. ም. ያረፉት ዉዲ ገትሪ ዜማ ሳያወጡላቸው ትተዋቸው ለሄዱት ግጥሞች አዲስ ዜማ ሠርተው «መርሜይድ አቨኑ» በሚል ስም አሳተሙ። ግጥሞቹን ያቀረቡላቸው የሟቹ ልጅ ኖራ ገትሪ ናቸው። ይህን የምንጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ «ዜማችንን በመኪና አበላሹት» ተብለው የተወቀሱት ሰዎች የቀደሙትን ደራሲ ቃል ተረክበው በክብር የያዙ እነዚሁ መሆናቸው እንዲታወቅ ነው።

«ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» የተቀረጸው በ2000 እና በ2001 ዓ. ም. በሺካጎ ከተማ፥ ጓዱ ለራሱ ባዘጋጀው ሰፊ የሰገነት ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ከበሮ መችው ኬን ኩመር ተለውጠው ግሌን ኮቼ ገቡ፤ እርሳቸውም ከበሮን ብቻ ሳይሆን ድምፅ የሚሰጠውን ነገር ሁሉ መምታት የሚችሉ ሰው ናቸው። ሙዚቀኞቹ በየዘፈኑ ላይ የቍልፍ መሣሪያዎችን፥ የሲንተሳይዘር ጩኸትን፥ የደወል ድምፅንና የራዲዮ ሽሽታን እየደራረቡ ከቀረጹ በኋላ፥ ድምፆቹን እንዲያዋሕዱ የተጠሩት ጂም ኦሩርክ ናቸው። የሚስተር ኦሩርክ ታላቅ ሥራ ድምፅ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበረ። የተደራረበውን እያነሡ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀሩ። ሳም ጆንስ የተባሉት ፎቶግራፍ አንሺ በ2002 ዓ. ም. ባወጡት ፊልም ላይ፥ ሚስተር ትዊዲና ሚስተር ቤኔት ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው በሚወስዱት ጥቂት ሰከንዶች ላይ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ይታያሉ። ሚስተር ቤኔት በ2001 ዓ. ም. ከጓዱ ተለዩ፤ በ2009 ዓ. ም. ደግሞ ዐረፉ። የዚህ ሸክላ ብዙው ውበት የእርሳቸውም ድካም ውጤት መሆኑን መካድ አይገባም።

ሥራው ተፈጽሞ ሬፕራይዝ ለተባለው አሳታሚ በቀረበ ጊዜ ኩባንያው አልቀበልም አለ። ሬፕራይዝ የዋርነር ቅርንጫፍ ሲሆን፥ ዋርነርም በዚያው በ2001 ዓ. ም. መጀመሪያ ከኤኦኤል ጋራ ተዋሕዶ ሠራተኞች የሚቀነሱበት፥ ሹማምንት የሚለዋወጡበት ጊዜ ነበረ። አዲሶቹ ኀላፊዎች ሸክላው ለገበያ የሚሆን አልመሰላቸውም፤ ጓዱ እንዲለውጠው ቢጠየቅም አልለውጥም አለ። በመጨረሻም ሙዚቀኞቹ ሥራቸውን ይዘው ከኩባንያው ወጡና፥ በሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ዓ. ም. በኢንተርኔት ገጻቸው ላይ ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲሰማው አደረጉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነንሳች የተባለ አሳታሚ ተቀብሏቸው ሸክላው በኤፕሪል 23 ቀን 2002 ዓ. ም. ታተመ። ነንሳችም ቅርንጫፍነቱ የዚያው የዋርነር ስለ ሆነ፥ አንድ ኩባንያ በቀኝ እጁ የጣለውን በግራ እጁ አነሣ ማለት ነው። ሸክላው በወጣበት ሳምንት በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 13ኛ ሆኖ ገባ፤ ቈይቶም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

እኛም በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን የሌሎችን ድካም የመመርመር ሥራ ያለብን ሰዎች ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። የሬፕራይዝ ኀላፊዎች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከዚህ ቀደም የተሸጠውን መዝነው የሚመጣውን ለመገመት የሞከሩ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን የትላንቱ መስፈሪያ ለዛሬው እህል ሳይበቃ ሲቀር፥ መስፈሪያውን እንደ መለወጥ እህሉን ደፉት። ይህን ስንል ደግሞ የተናቀ ሥራ ሁሉ ታላቅ ነው ማለታችን አይደለም። ሸክላው መገፋቱ ዝናውን አብዝቶለታል፤ መገፋቱ ግን ውበቱን አይመሰክርለትም። ውበቱ የሚታወቀው ዘፈኖቹ ሲመረመሩ ብቻ ስለ ሆነ ወደዚያው እንሂድ።

በሸክላው ውስጥ ዐሥራ አንድ ዘፈኖች አሉ። የመጀመሪያው «አይ አም ትራይንግ ቱ ብሬክ ዩር ሃርት» ይባላል፤ ትርጕሙም «ልብሽን ለመስበር እየሞከርሁ ነው» ማለት ነው። ሰባት ደቂቃ ያህል የሚፈጀው ይህ ዘፈን የሚጀምረው በቃል ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ ጕምጕምታ ነው። ከዚያ ከበሮው የተሰባበረ መስሎ ይገባል፤ ደወሎችና የፒያኖ ቍርጥራጮች ወዲያና ወዲህ ይሰማሉ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የዘፋኙ ድምፅ ደክሞት እንደ ተነሣ ሰው ይመጣል። ጩኸቱን አንሥተን ብንሰማው፥ ከሥሩ ያለው በአንድ ጊታር ሊጫወቱት የሚቻል፥ የበደላትን ሴት የሚያስብ ሰው የሚያንጐራጕረው የካንትሪ ዜማ ነው።

ታዲያ ጩኸቱ ምን ሠራ? ብለን ብንጠይቅ መልሱ እንዲህ ይመስለናል። ይህ ሰው በጊታር ብቻ ታጅቦ ቢዘፍን ኖሮ የሚናገረውን ሁሉ አምነን እናዝንለት ነበር። በዙሪያው የሚፈራርሰው ድምፅ ግን እርሱ ራሱ የሚናገረውን እንደማያምን ያስታውቅበታል። በቃሉ የሚደብቀውን ነገር ጩኸቱ ያወጣበታል። ስለዚህ የመኪናው ድምፅ ጌጥ ሳይሆን ምስክር ሆኖ ቆሟል። ጥሩ የካንትሪ ዘፋኝ ይህንኑ በድምፁ መሰበር ያደርገው እንደ ነበረ የሚታወቅ ነው፤ እዚህ ግን የተሰበረው ድምፅ የዘፋኙ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ ነው።

«ጂሰስ፥ ኤትሴትራ» የተባለው ዘፈን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ዘፈን ላይ ቫዮሊን በለስላሳ አካሄድ ይመራል፤ ጩኸት የለበትም። አንድ ሰው ያዘነችውን ወዳጁን ሲያጽናና እንሰማለን፤ ለማጽናናት ደግሞ ሁካታ አያስፈልግም። «አይም ዘ ማን ሁ ላቭስ ዩ» በሚለው ዘፈንም በደብዳቤ ሊገልጸው ያልቻለውን ፍቅር የሚናገር ሰው አለ፤ የተናደደ የኤሌክትሪክ ጊታር ይከፍተዋል፥ የነሐስ መሣሪያዎች ደስ ብሏቸው ይዘጉታል። ጓዱ መኪናውን የሚያነሣበትን ብቻ ሳይሆን የሚያስቀምጥበትንም ጊዜ ማወቁ የሚታየው በእነዚህ ዘፈኖች ነው። የአንድን ሙዚቀኛ ብስለት መመዘን የሚሻ ሰው በተወው ነገር ይመዝነው።

የሸክላው ልብ ግን በመጨረሻው አካባቢ የሚገኘው «ፑር ፕሌይሰስ» የተባለው ዘፈን ነው። በዚህ ዘፈን ቤቱ ተዘግቶ የተቀመጠ፥ ወደ ውጭ መውጣት ያልፈለገ ሰው ይናገራል። ዜማው በዝግታ ይሄዳል፤ ከሥሩ ግን የራዲዮ ሽሽታ እንደ ውሃ ሙላት ቀስ እያለ ይነሣል። ሽሽታው ዜማውን ሊያሰጥም ሲቃረብ፥ የአንዲት ሴት ድምፅ ያለ ኀዘንና ያለ ደስታ «ያንኪ፥ ሆቴል፥ ፎክስትሮት» እያለች ደጋግማ ስትጠራ ይሰማል። እነዚህ ቃላት በራዲዮ ሲነጋገሩ የእንግሊዝኛ ፊደሎች እንዳይምታቱ የሚጠሩባቸው ስሞች ናቸው፤ የሸክላውም ስም ከዚህ የመጣ ነው።

የዚህች ሴት ድምፅ ከወዴት መጣ? በአጭር ሞገድ ላይ ባለቤታቸውን የማያስታውቁ፥ ቍጥርና ፊደል ብቻ ሲያነቡ የሚውሉ ጣቢያዎች ነበሩ፤ ዛሬም ጨርሰው አልጠፉም። ለሰላዮች የሚተላለፍ ምስጢራዊ መልእክት ነው ተብሎ ይታመናል። ኢርዲያል የተባለ የእንግሊዝ አሳታሚ የእነዚህን ጣቢያዎች ቅጂ ሰብስቦ በ1997 ዓ. ም. «ዘ ኮኔት ፕሮጀክት» በሚል ስም አውጥቶ ነበር፤ ዊልኮም የሴትዮዋን ድምፅ የወሰደው ከዚያ ነው። ሳያስፈቅዱ በመውሰዳቸው ክስ ተነሥቶ በስምምነት አልቋል። በዚህ ነገር ጓዱን አናመሰግነውም፤ የሌላውን የመሰብሰብ ድካም መጠቀም ፈቃድ መጠየቅን ይሻልና።

ነገር ግን ድምፁ በዘፈኑ ውስጥ የያዘውን ስፍራ ስንመረምር ከዚህ የተሻለ ሊገኝ እንደማይችል እንመሰክራለን። ያች ሴት ለአንድ ሰው ትናገራለች፤ ያ ሰው ግን እኛ አይደለንም። መልእክት አለ፥ ቋንቋው ተዘግቷል፤ ድምፅ አለ፥ መልስ የሚሰጥ የለም። ቀደም ብለን በራዲዮው አጠገብ ተቀምጦ የሩቁን ዘፋኝ በሽሽታ መካከል ይሰማ የነበረውን ገበሬ እንዲይዙልን አንባብያንን ለምነን ነበር። ዊልኮ ያደረገው ያንኑ ሽሽታ ከዘፈኑ ውጭ ከነበረበት ስፍራ አንሥቶ ወደ ዘፈኑ ውስጥ ማግባት ነው። የካንትሪ ዜማ የጥንት ጕዳዩ መለያየት ከሆነ፥ በ2001 ዓ. ም. በታላቅ ከተማ የሚኖር ሰው ከወዳጁ የሚለየው በወንዝና በተራራ ሳይሆን በማይደርስ መልእክት ነው። ስለዚህ አዲሱ ድምፅ የጥንቱን ጕዳይ በዘመኑ ቋንቋ ተናገረለት እንጂ አልሻረውም።

የሸክላው ሽፋን እንኳ ይህንኑ ይናገራል። ሥዕሉ ማሪና ሲቲ የሚባሉት፥ በ1960ዎቹ ዓመታት የተሠሩ ሁለት የሺካጎ ሕንጻዎች ናቸው። ክብ ክብ የሆኑት ፎቆቻቸው ተደራርበው ስለሚታዩ የከተማው ሰው በበቆሎ እሸት ይመስላቸዋል። የገበሬው ምርት በሲሚንቶ ተሠርቶ በከተማ መካከል ቆሟል፤ የሸክላውንም ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ሥዕል ማግኘት አይቻልም።

በሁለቱ ሕንጻዎች ምክንያት የተነሣ አንድ ወሬ ስላለ ስለ እርሱም ጥቂት እንበል። ሸክላው አስቀድሞ እንዲወጣ የታሰበው በሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ዓ. ም. ነበረ። በዚያ ቀን በኒው ዮርክ የደረሰውን ጥፋት ሁሉም ያውቀዋል። በሸክላው ሽፋን ላይ ሁለት ሕንጻዎች በመኖራቸው፥ ስለ ሕንጻዎች መንቀጥቀጥ የሚናገር ቃል በመገኘቱና አንዱም ዘፈን «አሽስ ኦፍ አሜሪካን ፍላግስ» በመባሉ፥ ብዙ ሰዎች ሙዚቀኞቹን እንደ ነቢይ ቈጠሯቸው። ዘፈኖቹ ግን ከዚያ ቀን አስቀድመው ተጽፈው፥ ተቀርጸው ያለቁ ናቸው። የአጋጣሚን ነገር ትንቢት ብሎ ማድነቅ ለሠሪዎቹም ክብር አይሆንም፤ ባልሠሩት ነገር መመስገን የሠሩትን ያስረሳልና።

ጕድለቱንም ሳንናገር ብናልፍ ሒሳችን ሙሉ አይሆንም። አንደኛ፥ የሚስተር ትዊዲ ቃላት አንዳንድ ጊዜ ለድምፃቸው ሲባል ብቻ የተሰካኩ ይመስላሉ፤ ይልቁንም በመጀመሪያው ዘፈን መግቢያ ላይ ትርጕም የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። የካንትሪ ግጥም ታላቅ ኃይሉ ግልጽነቱ ስለ ሆነ፥ ይህ መጋረጃ የሚጐዳው ወራሹን ራሱን ነው። ሁለተኛ፥ የመጨረሻው ዘፈን «ሬዘርቬሽንስ» የተጨነቀው ሰው የቀረችለትን አንዲት እርግጠኛ ነገር የሚናገርበት ውብ ዘፈን ሆኖ ሳለ፥ ቃሉ ካለቀ በኋላ የሚከተለው የመሣሪያ ጕዞ ከልክ በላይ ረዝሟል። ሰሚው የተሰጠውን ነገር ይዞ እንዲሄድ መልቀቅ ሲገባ ደጃፍ ላይ አቁሞ እንደ ማዋራት ነው።

ይህ ሁለተኛው ጕድለት በሚቀጥለው ሥራ አድጎ ታይቷል። በ2004 ዓ. ም. በወጣው «ኤ ጎስት ኢዝ ቦርን» በተባለው አልበም ላይ «ሌስ ዛን ዩ ቲንክ» የሚባል ዘፈን አለ። ርዝመቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የማያቋርጥ የኤሌክትሮኒክ ጕምጕምታ ብቻ ነው። ሚስተር ትዊዲ ያስቸግራቸው የነበረውን ከባድ የራስ ምታት በድምፅ ለመግለጽ እንዳሰቡት ተናግረዋል። ስለ ሕመማቸው እናዝናለን፤ ነገር ግን ሕመምን መግለጽ አንድ ነገር ነው፥ ሰሚውን ማሳመም ሌላ ነገር ነው። በ«ፑር ፕሌይሰስ» ሽሽታው የሚውጠው ዜማ ስለ ነበረ ያስፈራን ነበር፤ እዚህ ግን የሚውጠው ነገር የለም። አልበሙ በአሜሪካ የታወቀውን የግራሚ ሽልማት አግኝቷል፤ እኛም ሌሎቹን ዘፈኖች እንወዳቸዋለን። ሽልማቱ ግን ይህን ጕድለት አይሸፍነውም። እንዲያውም አሳባችንን የሚያጸናልን ይኸው ነው፤ አንድ ዓይነት መኪና፥ አንድ ዓይነት ሰዎች፥ አንድ ጊዜ አገልጋይ አንድ ጊዜ ጌታ ሲሆን ፍሬው ይለያያልና።

በዚህ ነገር የሚከራከሩን ሁለት ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። የመጀመሪያዎቹ፥ «ይህ ካንትሪ አይደለም፤ ባንጆው የት አለ?» ይሉናል። ካንትሪ የሚታወቀው በመሣሪያው ከሆነ ግን ስቲል ጊታርም ከሃዋይ ስለ መጣ መባረር ነበረበት፤ ባንጆም ራሱ ከአፍሪካ የመጣ ነው። ሁለተኛዎቹ ደግሞ፥ «ሸክላው የተወደደው ከካንትሪ ስላመለጠ ነው» ይላሉ። ለእነዚህ የሚመልሱላቸው ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ናቸው። በ2011 ዓ. ም. የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቁመው ራሳቸውን ችለዋል፤ በ2022 ዓ. ም. ደግሞ ማንም ሳያዛቸው «ክሩኤል ካንትሪ» የተባለ ባለ ሁለት ሸክላ አልበም አውጥተው ወደ ባላገሩ ዜማ በግልጽ ተመልሰዋል። ያመለጠ ሰው በፈቃዱ አይመለስም። በዚያው ዓመት የ«ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» 20ኛ ዓመት ሲከበር የዘፈኖቹ ረቂቆች ተሰብስበው ታትመዋል። አንዱ ዘፈን በአንዱ ረቂቅ ተራቍቶ፥ በሌላው ተሸፋፍኖ ይሰማል። ጩኸቱ በአጋጣሚ የገባ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተለክቶ፥ ተቀንሶና ተመርጦ የቀረ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

ይህ ጕዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1981 ዓ. ም. ከዋልያስ ባንድ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዋሽንግተን የቀሩት አቶ ኃይሉ መርጊያ፥ በ1985 ዓ. ም. ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖና ሙግ ከተባለው ሲንተሳይዘር ጋራ አዋሕደው የአገራቸውን ዜማ በካሴት አውጥተው ነበር። ያ ካሴት በ2013 ዓ. ም. እንደ ገና ታትሞ በብዙ አገሮች ተሰምቷል። እርሳቸው የዊልኮን መንገድ አልተከተሉም፤ የቀደመው የእርሳቸው ነውና። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ በሁለቱም ሥራዎች መኪናው የሚናገረው ስለ ርቀት ነው። ትዝታን በሲንተሳይዘር የሚጫወት ስደተኛ ቅኝቱን አላፈረሰም፤ ምን ያህል ርቆ እንደ ሄደ በዚያ ድምፅ ለካው እንጂ።

ስለዚህ መምህራን በትምህርት ቤት የሙዚቃ ክርክር ሲያነሡ፥ «መኪና ይግባ ወይስ አይግባ?» ብለው ባይጠይቁ እንመርጣለን፤ መኪናው ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል። መጠየቅ የሚገባው፥ ይህ ድምፅ ከዚህ ዘፈን ቢወጣ ዘፈኑ የሚያጣው ነገር አለን? የሚለው ነው። ከ«ፑር ፕሌይሰስ» ሽሽታው ቢወጣ ዘፈኑ ድዳ ይሆናል፤ ከ«ሌስ ዛን ዩ ቲንክ» ጕምጕምታው ቢወጣ ዘፈኑ ይድናል። ነገሩን ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ «ቢይንግ ዜር»ን ይስማ፤ ቀጥሎ «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት»ን በጸጥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይስማ። ከዚያ በኋላ ከእኛ ጋራ ባይስማማ አናዝንም፤ ጆሮውን ተጠቅሞ ይፈርዳልና።